የአማንሲዮ ቤት ቀለም

ዶሚቲላ ላባ ስትመርጥ ሰው አጠገቧ ድርሽ ባይል ይሻለዋል። በርጩማዋን ይዛ ፀሐይ ወደማይደርስበት ወደ ሰሜኑ በር ትወጣለች። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ላባ የሚመርጥ ሞኝ ነው፤ ፀሐይ የሞተውንም ታሳምረዋለች። ላባውን ከአጥንቱ ትይዝና ፀጉሩን በጣቷ ወደ ኋላ ትዳስሰዋለች። ተመልሶ ቀጥ ካለ ደህና፣ እዚያው ከተኛ ግን ትራስ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ ምላሷን ታስነካዋለች፤ ደረቅ ሳለ የሚያምር ላባ ሞልቷል፣ ዓሣ የሚያየው ግን የረጠበውን ነው። በመጨረሻ ውሃ በሞላ ነጭ ሳህን ላይ ትጥለውና አንገቷን ጠምዝዛ በጎን ታየዋለች። ከዚህ ሁሉ ያለፈ ላባ መንጠቆ ላይ በሐር ክር ይታሰራል፤ ዝንብ ይሆናል፤ ወንዝ ላይ ሲጥሉት ትራውት የሚባለው ዓሣ እውነተኛ መስሎት ይውጠዋል።

በእኛ በኩሩኤኞ ሸለቆ ሰው የሚታወቀው በአውራ ዶሮው ነው። የአንዱ ቤት ወሰራ ነው፣ የአንዱ ዳማ፣ የሌላው ገብስማ። የአማንሲዮ ቤት ብቻ ብረትማ ነበር። ብረትማ ስል ግራጫ ማለቴ አይደለም፤ ግራጫስ አይጥም ግራጫ ናት። አዲስ የተሳለ ቢላ ወደ ደመና ሲያዞሩት የሚያሳየው ዓይነት ነው። በመጋቢት በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሲደፈርስ ከውሃው የሚወጣው ትንኝ ልክ ያንን ይመስላል፤ ስለዚህ በመጋቢት ዓሣ አጥማጅ ሁሉ አማንሲዮ ደጅ ይሰለፋል። ሌላው ቤት እስከ ግንቦት፣ ቢጫማ ትንኝ እስኪመጣ ድረስ፣ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

አማንሲዮ የዶሚቲላ አባት ነው። በመንደሩ «አጎት አማንሲዮ» እየተባለ ይከበር ነበር፤ ይወደድ ነበር ግን አልልም። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን እንደሚባለው ሌት ተቀን የሚያስበው ላባውን ነበር። ላባ የሚነቀለው ጨረቃ ስትጎድል ነው፤ አውራውን ከነሕይወቱ በጉልበት መሃል አጣብቀው ከወገቡ ላይ ይነቅላሉ፣ ከወራት በኋላ መልሶ ያበቅላል። ከሞተ ዶሮ የተነቀለ እንደሆነ ወዙም አብሮ ይሞታል። ሚስቱ በሞተች ሳምንት ጨረቃ እየጎደለች ነበርና አማንሲዮ ከቀብር እንደተመለሰ ጥቁር ኮቱን ሳያወልቅ ላባ ነቀለ። ሁለቱ ልጆቹ፣ ታላቋ ዶሚቲላና ታናሿ ኦብዱሊያ፣ አውራዎቹን እያፈራረቁ ያዙለት።

ይህን ቀለም ለመጠበቅ አማንሲዮ አንዲት ቀጭን መርፌ ነበረችው። ከቤቱ ለሽያጭም ሆነ ለስጦታ የሚወጣ እንቁላል ሁሉ በሰፊው ጫፉ በኩል በመርፌ ይወጋል፣ ቀዳዳው በሰም ይደፈናል። እንዲህ የሆነ እንቁላል ለመብላት ምንም አይልም። ዶሮ ብትታቀፈው ግን ይገማል እንጂ ጫጩት አይወጣውም። ይህ የተሠወረ ነገር አልነበረም፤ በመንደሩ «የአማንሲዮ ቤት እንቁላል መጀመሪያ ልብስ ሰፊ ጋ ይሄዳል» እየተባለ ይሳቅበት ነበር። በሸለቆአችን ደግሞ ዶሮአችን ተራራውን ከተሻገረ ላባው ወዙን ያጣል፣ ወዙ የውሃችንና የድንጋያችን ነው ይባላል። አማንሲዮ በዚህ ይምል ነበር። እምነቱ እንዲያ የጸና ከነበረ መርፌው ምን ሊሠራለት እንደሆነ የጠየቀው የለም።

ኦብዱሊያ ከተራራው ማዶ ታርሲሲዮ የሚባል ገበሬ አገባች። ሳቂታና እጀ ሰፊ ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣች እንጃ። ልትሄድ በቅሎው ሲጫን አባቷ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ከብረትማዎቹ አንድ ደርዘን እንቁላል ብቻ ይስጡኝ። የቤቴን ሽታ ይዤ ልሂድ።»

«የዶሮ ኩስ ሽታ?» አለ አማንሲዮ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። «ደርዘን ምን ይሠራልሻል? ሁለት ደርዘን ውሰጂ እንጂ! ዶሚ፣ ግቢና አዘጋጂላት።»

ዶሚቲላ አባቷ በአንድ ቃል እሺ ሲል ሰምታ አታውቅምና ደነገጠች። ማዕድ ቤት ተከትሏት ገባ፤ በሩን ዘጋ።

«መርፌዋን አምጪ።»

«ለኦብዱሊያ እኮ ነው፣ አባባ።»

«ለኦብዱሊያ ብቻ ቢሆንማ ደግ ነበር። ነገ የባሏ ወንድም ይለምናታል፣ ከነገ ወዲያ የወንድምየው አማች። ያቺ ልጅ ደግሞ እንቢ ማለት አታውቅም። ማዶ ያለ ሁሉ ብረትማ ሲነቅል አንቺ ምን ልታስሪ ነው? የድመት ፀጉር?»

ዶሚቲላ ወጋች። መርፌዋን አስገብታ ትንሽ ታማስላለች፣ አውጥታ በአውራ ጣቷ ሰም ትደፍናለች፣ ገለባ ውስጥ ታስቀምጣለች። ውጭ ኦብዱሊያ ከጎረቤቶቹ ጋር ስትሳሳም፣ ስታለቅስና ስትስቅ ይሰማል። የመጨረሻዋን እንቁላል ስታነሣት ገና ትሞቅ ነበር። አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ የቅርጫቱን ገመድ ይቋጥራል። ዶሚቲላ መርፌዋን አስጠግታ አስጠግታ ተወችውና ሰሙን ብቻ ቀብታ ከሌሎቹ ጋር ደባለቀቻት። ለእህቷ አዝና ይሁን ኃጢአቷን ቀለል ልታደርግ፣ ራሷም ለይታ አታውቅም። ቅርጫቱን ስታቀብላት ኦብዱሊያ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ «እትዬ፣ አንቺ እኮ እናቴ ነሽ» አለቻት። ይህች ቃል እስከ እርጅናዋ ድረስ ዶሚቲላን ስትኮረኩማት ኖረች።

ከዚያ ወዲያ ኦብዱሊያ አልመጣችም። መጀመሪያ አካባቢ ለፋሲካ ትመጣለች ተብሎ ተጠበቀች፤ ከዚያ ሲረሳ ተረሳ። አማንሲዮ ሲሞት ግን ጥቁር ለብሳ መጣች። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሳታልፍ ቆማ፣ አፈሩ ሲመለስ አይታ፣ እህቷን ሳትስም ተመልሳ ሄደች። ዶሚቲላ ምክንያቱ የተወጋው እንቁላል ነው ብላ ገመተች። ተራራውን ተሻግራ ሄዳ «በድዬሻለሁ» ማለት ነበረባት፤ ዳሩ ግን አውራዎቹን ማን ይጠብቃል? እንዲህ እያለች ዓመቱን በዓመት ላይ ደረበችው።

ባል አላገባችም። አንድ ሁለት ሰው ጠይቋት ነበር፤ አባቷ «ወንድ ሲገባ ዶሮ ይወጣል» ይል ነበርና ቀረ። እሱ ከሞተ በኋላ ሰው ሁሉ አሁን እጇ ይፈታል ብሎ ጠበቀ። የባሰች ሆነች። መርፌዋን ከመደርደሪያ አውርዳ አንገቷ ላይ ከመስቀሏ ጋር አንጠለጠለቻት።

ከወንዙ ማዶ ጋውደንሲያ የምትባል ባልቴት ጎረቤት አለቻት፤ ወሰራ አርቢ ናት። እሷ ብቻ ነበረች ዶሚቲላን ፊት ለፊት የምትናገራት።

«ዶሚ፣ አንዲት ጫጩት ብትሰጪኝ ምን ይጎድልብሻል?»

«ቀለሙ።»

«ቀለሙ አብሮሽ መቃብር ሊገባ ነው? ልጅ የለሽ፣ የልጅ ልጅ የለሽ።»

«የእኔን ተይና ወሰራሽን ጠብቂ። በመጋቢት ዞር ብሎ የሚያየው የለም።»

«ሆሆ! ዓሣው እንደሆነ መንጋጋው እስኪወልቅ ይበላዋል። የሚያማርጠው ሰው ነው እንጂ ዓሣማ ምን አለበት፣ የኔ እህት።»

ዶሚቲላ በዚህ ትናደድ ነበር። ትራውት እንዳላየ አሽትቶ የሚያልፈውን ዝንብ ስንቱን አይታለች! ለጠራ ቀን ፈዘዝ ያለውን፣ ለዳመነ ቀን ጠቆር ያለውን፣ ነፋስ ካለ ፀጉሩ ጠንካራውን እየለየች ትሰጣለች፤ የሷን ዝንብ ይዞ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ሙያ የሷ ነበር፤ በእውነት ነበር። ክፋቷ ከሙያዋ ላይ እንደ ሙጫ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ እንጂ።

አንድ ክረምት ጋውደንሲያ በሳንባ ምች ወድቃ ልትሞት ደረሰች። ዶሚቲላ ሾርባ ይዛ ትመላለስ ነበር፤ እንቁላልም ትወስድላት ነበር። እንቁላሉ ሁሉ የተወጋ ነበር።

በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ሰሞን ፈንግል ገባ። መጀመሪያ አንዲት ዶሮ ቆጥ ላይ መውጣት አቃታት። በማግስቱ የሦስቱ ኩስ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ አንገታቸው እየተጠመዘዘ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄዱ፣ አንድ በአንድ ተደፉ። ዶሚቲላ ነጭ ሽንኩርት አበላች፣ ኮምጣጤ አጠጣች፣ ቄሱን ጠርታ ጸበል አስረጨች። የታመሙትን ለየች፣ ቀጥላም የዳኑትን ለየች፣ በመጨረሻ የሚለይ ጠፋ። ዋናው አውራ የሞተው ጭኗ ላይ ነው። ሊሞት እያጣጣረ ሳለ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ልቅደማት ብላ ከወገቡ ላይ ነቀለችና ወደ ሰሜኑ በር ሮጠች። በጣቷ ዳሰሰችው፤ ፀጉሩ ተኛ፣ አልተነሣም። ምላሷን አስነካችው፤ አመድ መሰለ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

በቤቷ አንድ እንቁላል እንኳ አልቀረም። እንባዋን ሳትጠርግ አንድ ሐሳብ መጣላትና ድልድዩን ተሻግራ ጋውደንሲያ ቤት ገባች።

«ጋውደንሲያ፣ ያመጣሁልሽ እንቁላል የተረፈ አለሽ?»

«ጥቂት አለ። ምነው፣ ልትቀሚኝ ነው?» ጋውደንሲያ የዶሚቲላን ፊት አይታ ቀልዷን ተወች። እንቁላሎቹን ከመደርደሪያው አውርዳ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። የሷ ወሰራዎች ወንዙ ከልሏቸው ድነዋል።

ዶሚቲላ አንድ በአንድ እያነሣች ሰሙን በጥፍሯ ፋቀች። ምናልባት በጥድፊያ ያለፈችው፣ ምናልባት ሳትወጋ ሰም ብቻ የቀባችው ይኖር ይሆናል። አልነበረም። እጇ ጎበዝ ነበር፤ አንዱንም አልሳተችም።

«ሁሉም?» አለች ጋውደንሲያ።

«ሁሉም።»

«ልሞት ተኝቼ እያለሁ?»

ዶሚቲላ የተፋቀውን ሰም በመዳፏ ሰበሰበች። ጋውደንሲያ የመጣላትን ስድብ ዋጠችው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው» ብቻ አለችና ወንበር ሳበችላት። ዶሚቲላ ግን አልተቀመጠችም። ከሷ የሠላሳ ዓመት ርቀት ላይ ያለች፣ ያልተወጋች አንዲት እንቁላል ትዝ ብላት ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ቅርጫት ውስጥ ገለባ አንጥፋ ተራራውን ወጣች። መተላለፊያው ላይ በረዶው ገና ጉልበት ድረስ ነው፤ በሷ ዕድሜ ያለ ሰው ብቻውን አይሄድበትም። ስትወድቅ እየተነሣች አሰበች። አንዷ ተፈልፍላ እንደሆነ፣ ጫጩቷም አድጋ እንደሆነ፣ ኦብዱሊያ እጀ ሰፊ ናትና ለሰው ሁሉ ሰጥታ ይሆናል። ማዶ ያለ ሁሉ ብረትማ እየነቀለ ይሆናል። ዕድሜ ልኳን የፈራችውን ነገር አሁን በየእርምጃው «አድርገው፣ አንተ አምላክ» እያለች ትለምን ጀመር።

የእህቷ ግቢ ውስጥ ዶሮዎች ይጭራሉ። ሰው ሳትጠራ አጥሩ ላይ ተደግፋ በዓይኗ አበጠረቻቸው። ቀይ፣ ነጭ፣ ገብስማ፣ ደግሞ ቀይ።

ኦብዱሊያ በሩ ላይ ወጣች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ወገቧ ሰፍቷል።

«ግቢ» አለች፤ «ታርሲሲዮ እርሻ ነው። በሩን ዝጊው፣ ብርድ ነው።»

ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ዶሚቲላ ባዶውን ቅርጫት ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደያዘች ቀረች።

«ዶሮዎቹ አለቁ» አለች።

«ሰምቻለሁ። ፈንግል ነው አሉ።»

«ያኔ ስታገቢ የወሰድሽው እንቁላል…»

«የወጋሽው?»

ዶሚቲላ አቀረቀረች። «ሁሉንም አልወጋሁም።»

«አውቃለሁ» አለች ኦብዱሊያ። «የገሙትን አንድ በአንድ ስሰብር ሰሙ ተቀርፎ ቀዳዳውን አየሁት። የቤቱን ልማድ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ እኔ ላይ ታደርጉታላችሁ ብዬ አላሰብኩም እንጂ። የመጨረሻዋን አንሥቼ ልወረውራት ስል እጄ ውስጥ ጮኸች። ጫጩት፣ እትዬ! ቅርፊቷ ውስጥ ሆና። ብገለብጣት ቀዳዳ የላትም። ‹ይህቺን እህቴ ናት የተወችልኝ› ብዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

«አደገች?»

«አደገ። አውራ ነበር።»

«ወዙስ?»

ኦብዱሊያ ሳቀች፤ የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም። «ወዙስ! እንደምን ኖርሽ ሳትይኝ፣ ወዙስ! አባባም መጀመሪያ የጠየቁት ወዙን ነው።»

«አባባ? እዚህ መጥተው ያውቃሉ?»

«አልነገሩሽም?» ኦብዱሊያ እህቷን ትክ ብላ አየቻት። «እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን የምታውቂ መስሎኝ!»

ከዚያ ነገረቻት። ታርሲሲዮ የአውራውን አንድ ላባ ባርኔጣው ላይ ሰክቶ ገበያ ወረደ። አማንሲዮ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ላባውን ለየው።

«ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አወለቁት አሉ። ላባውን ወደ ሰማይ አንሥተው፣ በምላሳቸው አስነክተው፣ ‹ይኼ ከየት ነው?› አሉት። ታርሲሲዮ የዋህ ነው፤ ደስ ብሎት ‹ከቤቴ ነው፣ አባቴ፣ መጥተው ይዩት› አላቸው። በቅሏቸው ላይ እንደተቀመጡ ተከትለውት መጡ። እኔ ለእርቅ የመጡ መስሎኝ የተሻለውን ወንበር አወጣሁ።»

«እሺ?»

«ጓሮ፣ ጥላው ላይ ተቀመጡ። አውራውን ጉልበታቸው መሃል አጣብቀው ይነቅሉ ጀመር። የወገቡን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀሩ፣ እያዩ፣ እየመረጡ፣ እያሰሩ። ‹እንዲህ ያለ ብረት በዕድሜዬ አላየሁም› አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፣ እትዬ፤ አይዋሽም። ‹ለካ ተራራው ምንም አያደርገውም› አሉ። ደገሙት። ላባውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ገና ዘር ሳይተካ አንገቱን ጠመዘዙት።»

ምድጃው ውስጥ እንጨቱ ተንኮታኮተ። ዶሚቲላ ያን ዘመን አባቷ ከገበያ ተመልሶ «ከአሮጌው አውራ ነው» ብሎ የሰጣትን እስር አስታወሰች። በመላው ሸለቆ ስም ያወጣላት ዝንብ የታሰረው በዚያ ላባ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ከሌላ አውራጃ ድረስ እየመጡ ይለምኗት ነበር፤ ኮርታበት ነበር።

«ታርሲሲዮ ሊይዛቸው ተነሣ፤ ‹አባቴ ናቸው› ብዬ ከለከልኩት» አለች ኦብዱሊያ። «‹ምግብ አይጣልም፣ ሥሪው› አሉኝ። ሠራሁት። ቁጭ ብለው ከኛ ጋር በሉ። ጨው አነሰው አሉ። ጨው አቀበልኳቸው።»

ዶሚቲላ አባቷን ለመርገም ቃል ፈለገች። ያገኘችው ሁሉ አንገቷ ላይ ከተንጠለጠለችው መርፌ ጋር የሚጋጭ ሆነባት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ኦብዱሊያ። «እሳቸው ባይሆኑና አንቺ ብትሆኚስ? ገበያው ላይ ላባውን ያየሽው አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

መልሱ ቀላል ነበር። «ደስ ይለኝ ነበር» ማለት ብቻ ነው፤ እህቷም ልትሰማው የፈለገችው ይኸንኑ ነበር፣ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ዶሚቲላ አፏን ከፈተች። ያቺን እንቁላል የተወች እጇን አየች፤ ጋውደንሲያ በሞት አፋፍ ሳለች የወጋችም ይህችው እጅ ናት።

«እኔም አንገቱን እጠመዝዘው ነበር» አለች።

ኦብዱሊያ ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም። «እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ለዚህ ነው ያልመጣሁት።»

ከዚያም ተነሥታ ለዶሮዎቿ ጥሬ ልትበትን ወጣች።